የልጅ ጊታርና የ3 ዶላር ከ75 ሳንቲም ታሪክ



ባለፈው ዓመት ዕቁብ ሲደርሰኝ ለሰባት ዓመት ልጄ ጊታር ገዛሁላት። ልጄ ጊታር ጊታር ስትል ከርማ ስለነበር ብዙ አላሰብኩበትም። ሱቅ ገብቼ የሚያብረቀርቀውን መረጥኩ። ትልቅ አይሆንባትም ወይ ብዬ ስጠይቅ ሻጩ «ስታድግም ያገለግላታል» አለኝ፤ እኔም አመንኩት። የትምህርት ቤት ጫማ አንድ ቁጥር አስበልጠን መግዛት የለመድን እናቶች ይህን አነጋገር በቀላሉ እንቀበላለን።

ልጄ ሦስት ሳምንት ታገለች። ቀኝ ክንዷ የጊታሩን ሆድ አቅፎ ክሩ ላይ እስኪደርስ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል። የግራ እጇ ጣቶች ጫፋቸው ቀልቶ መስመር ሠርቶባቸዋል። አንድ ማታ «እማዬ፣ ይቆርጠኛል» ብላ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ ጊታሩ ቁም ሳጥን ላይ ነው። አምስት ዓመት ያገለግላል ብዬ ያወጣሁት ገንዘብ በሦስት ሳምንት አለቀ። የእርጅና ቅናሽ ስሠራ የኖርኩ ሴት ለራሴ ቤት ሒሳቡን ሳልሠራ ቀረሁ።

ዘንድሮ ማኅበራችን ለቅዳሜው የልጆች ፕሮግራም ሦስት ጊታር ለመግዛት ሲወስን ፕሮፎርማ የመሰብሰቡ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። ሦስቱም ፕሮፎርማዎች «አኮስቲክ ጊታር፣ ብዛት 3» ከሚል መስመርና ከዋጋ በቀር ምንም የላቸውም። ስለ መጠኑም ስለ ክሩም ያነሳ የለም። ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበው ደግሞ የእኔን ልጅ ያስመረረውን ዓይነት ነው። በግዢ ደንባችን መሠረት ለእሱ መፈረም ነበረብኝ። ወረቀቱን ይዤ ቆየሁና ይህ ዕቃ ለምን እንዲህ ትልቅና ለጣት ከባድ ሆኖ እንደቀረ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የነበረው ጊታር ትንሽ ነበር። በአውሮፓ ከተሞች በሳሎን ውስጥ ለጥቂት እንግዳ ይመታ ነበርና ብዙ መጮህ አይጠበቅበትም። ክሩ ከበግ አንጀት ይሠራል፤ በእኛም አገር በገናና ክራር በአንጀትና በጅማት ሲወጠሩ እንደኖሩት ማለት ነው። ከሚመቱት መካከል ሴቶች ብዙ ነበሩ። በለንደን ማዳም ሲድኒ ፕራተን የምትባል ሴት በ19ኛው መቶ ዘመን ጊታር እያስተማረችና የመማሪያ መጻሕፍት እያሳተመች ኖራለች፤ ከተማሪዎቿ አንዷ የንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ ነበረች። ከመደበኛው ያነሰ፣ ድምፁም ቀጠን ያለ ጊታር እንኳን በትልልቅ ሙዚቀኞች እጅ ነበር። ማሳነስ ማለት መጫወቻ ማድረግ አልነበረም።

ጊታሩ እንዴት እንደ ወፈረ ከማርቲን ኩባንያ ቁጥሮች በላይ የሚያሳይ አላገኘሁም። ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን በጀርመን ማርክኖይኪርሽን የተወለደ ጊታር ሠሪ ነው። በከተማው የቫዮሊን ሠሪዎች ማኅበር የቤት ዕቃ አናጺዎች ጊታር እንዳይሠሩ ለማስከልከል ሲከራከር፣ ከአናጺ ቤተሰብ የመጣው ማርቲን በ1833 ወደ ኒውዮርክ ተሰደደ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ናዝሬት ወደምትባል ከተማ ሄደ (የእኛዋ አይደለችም)። ማርቲን ጊታሮቹን በቁጥር ይለይ ነበር፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጊታሩ ይተልቃል። 5 ቁጥር ትንሽዬ ነው፣ 1 ቁጥር ደግሞ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እንደ ትልቅ ይቆጠር ነበር፤ የሆዱ ስፋት 32 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ገበያው ከዚያ የበለጠ ሲጠይቅ ቁጥር አለቀባቸው። ስለዚህ 0፣ ቀጥሎ 00፣ ቀጥሎ 000 እያሉ ሄዱ። በ1916 የወጣው ከሁሉም የሚሰፋው ጊታር በእንግሊዝ የጦር መርከብ ስም «ድሬድኖት» ተባለ። ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። እኔ ለልጄ የገዛሁት ቅርጹ የዚህ የጦር መርከብ ልጅ ነው!

በስፔንም አንቶኒዮ ደ ቶሬስ የተባለው ሠሪ በዚያው መቶ ዘመን ሆዱን አስፍቶ፣ ነጻ ሆኖ የሚርገበገበውን የክር ርዝመት 65 ሳንቲ ሜትር ላይ አደረሰው፤ ዛሬ «ሙሉ ጊታር» የምንለው ይህ ነው። ምክንያቱ በሁለቱም አገር አንድ ነው፤ ሙዚቃው ከሳሎን ወደ አዳራሽ ወጣ፣ ድምፅም ተፈለገ። በአሜሪካ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ የአንጀቱ ክር በብረት እየተተካ ሄደ። ብረት ጮክ ይላል፣ ዋጋውም ቀላል ነው፤ ግን ስድስቱ የብረት ክሮች አንድ ላይ የጊታሩን አንገት ወደ 70 ኪሎ በሚሆን ኃይል ይስቡታል። ያንን ክር በጣቷ መጫን ያለባት ልጅ በማንም ሐሳብ ውስጥ አልነበረችም።

እዚህ ላይ ነው ከኤሊዛቤት ኮተን ጋር የተዋወቅሁት። የዚህች ሴት ታሪክ እንደ እኛ ላለ ማኅበር የተጻፈ ነው የሚመስለው።

ኤሊዛቤት በ1893 በሰሜን ካሮላይና፣ ቻፕል ሂል አጠገብ ከጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰብ ተወለደች። ወንድሟ ባንጆ ነበረው። እሱ ከቤት ሲወጣ እየሰረቀች ትመታለች። ግራኝ ስለሆነች ዕቃውን ገልብጣ ትይዘዋለች። ወንድሟ ባንጆውን ይዞ ከቤት ሲሄድ እጇ ባዶ ቀረ። ያኔ ገና አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ ቢሆን ነው፤ ትምህርቷን ትታ ሰው ቤት ተቀጠረች። ወርሃዊ ደመወዟ ከአንድ ዶላር አይበልጥም። ከዚያ ላይ አጠራቅማ ስቴላ የተባለ ርካሽ ጊታር በ3 ዶላር ከ75 ሳንቲም ገዛች።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። አንዲት ሳንቲም ለሌላ ነገር ሳታወጣ ቢያንስ የአራት ወር ሙሉ ደመወዟ ነው። የሰው ቤት ወለል የምትጠርግ ልጅ የአራት ወር ጉልበት! እኔ ያንን ጊታር የገዛሁት በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ለግራኝ የተሠራ ጊታር አልነበራትም፤ እንደ ባንጆው ገልብጣ ያዘችው። ስለዚህ ሌሎች በአውራ ጣት የሚመቱትን ወፍራም ክር እሷ በሌሎቹ ጣቶቿ፣ ዜማውን ደግሞ በአውራ ጣቷ ትመታ ነበር። ይህ አመታት በኋላ ዘመን በስሟ ተጠርቶ ጊታረኞች የሚያጠኑት ሆነ። «ፍሬይት ትሬይን» የተባለውን ዘፈኗን የደረሰችውም ገና ልጅ ሳለች ነው።

ከዚያ አገባች፣ ወለደች፤ ቤተ ክርስቲያኗም ዓለማዊ ዘፈን ተይ አለቻት። ጊታሩን ለአሥርተ ዓመታት ተወችው። (እኛም አገር ክራር የያዘች ሴት ስሟ በበጎ የማይነሳበት ዘመን ነበር፤ እነ አስናቀች ወርቁ ያንን ተሻግረው ነው የመጡት።) ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲሞላት በዋሽንግተን አንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ትሠራ ነበርና የጠፋች ትንሽ ልጅ አግኝታ ለእናቷ መለሰች። ልጅቱ ፔጊ ሲገር፣ እናቷም የሙዚቃ ደራሲዋ ሩት ክሮፎርድ ሲገር ነበሩ። ኤሊዛቤት በዚህ ቤት በሠራተኝነት ተቀጠረች። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጊታር ተሰቅሎ ነበር። አንድ ቀን አውርዳ ስትመታ ሰሟት።

የመጀመሪያ ሸክላዋ በ1958 ሲወጣ ስልሳ አምስት ዓመቷ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት ግን ዘፈኗ እንግሊዝ አገር በሌሎች ድምፅ ተቀርጾ፣ ደራሲዎቹም ሌሎች ተብሎ ገበያውን አጥለቅልቆት ነበር። የደራሲነት ስሟ የተመለሰላት ከስንት ጥረት በኋላ ነው። በ1985 የግራሚ ሽልማት ተሰጣት፤ በ1987 አረፈች።

ይህን ለባለቤቴ ስነግረው «ታዲያ እሷ ባልተመቸ ጊታር ይህን ያህል ከደረሰች የእኛዋ ምን ሆነች?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ግን የማነበው የደረሰችዋን ታሪክ ብቻ ነው። በዚያው ዘመን ደመወዟን አጠራቅማ የገዛችውን ጊታር ጣቷ ሲቆስል አልጋ ሥር የከተተች ሌላ ልጅ ብትኖር መጽሐፍ አልተጻፈላትም። የኤሊዛቤትን ጽናት ከሰባት ዓመት ልጅ መጠበቅ ደግሞ ፍርድ አይመስለኝም።

ነገሩ ልጆችን ወደሚረዳ አቅጣጫ የዞረው ሳይታሰብ፣ በጦርነት ምክንያት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የበግ አንጀት ለቀዶ ሕክምና ስፌት ስለተፈለገ የጊታር ክር ከገበያ ጠፋ። በኒውዮርክ ይኖር የነበረው አልበርት ኦገስቲን ዱፖንት ኩባንያ ከሠራው ናይለን ክር ሠርቶ ሞከረ። ስመ ጥሩው የስፔን ጊታረኛ አንድሬስ ሴጎቪያም ደገፈው። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የናይለን ክር ገበያ ላይ ዋለ። ናይለን እንደ አንጀት ቶሎ ቶሎ አይበጠስም። ስድስቱ አንድ ላይ የሚስቡት ወደ 40 ኪሎ ነው፤ ከብረቱ በጣም ያነሰ። ወፈር ያለና ለስላሳ ስለሆነም ጣት ላይ አይቆርጥም። ሴጎቪያ የፈለገው ለአዳራሹ ነበር፤ የተጠቀሙት ግን ልጆችም ናቸው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፦ ለናይለን በተሠራ ጊታር ላይ «ድምፁ እንዲጎላ» ብሎ የብረት ክር የሚወጥር ሰው አይጥፋ። አንገቱ ይጣመማል፣ ክሩ የሚታሰርበት እንጨትም ሊነቀል ይችላል።

መጠኑን በተመለከተ ሒሳብ ሠራተኛን የሚያስቅ ነገር አለ። የልጆች ጊታር ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ እየተባለ ይሸጣል፤ ነገር ግን የግማሹ የክር ርዝመት የ65 ግማሽ አይደለም። ወደ 53 ሳንቲ ሜትር ነው። የሦስት አራተኛው ወደ 58፣ የሩቡ ወደ 48 ነው። ስለዚህ «ግማሽ» የሚለውን ስም አምናችሁ በጣም ያንሳል ብላችሁ አትተዉት። ለሰባት ዓመት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ልኩ እሱ ነው። ሦስት አራተኛው ከስምንት ዓመት በላይ ላሉት ይስማማል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ልጁን አስቀምጦ ማስያዝ ነው፤ የግራ እጁ የአንገቱን ጫፍ ሲይዝ ክርኑ መታጠፍ አለበት፣ ቀኝ ትከሻው ደግሞ መነሳት የለበትም። ልጄን እንዲህ አድርጌ አንድ የሙዚቃ አስተማሪ ዘንድ በግማሹ ሞከርኳት። እዚያው ተቀምጣ አርባ ደቂቃ አልተነሳችም።

ፕሮፎርማዎቹን መልሼ ላክኋቸው። አዲሱ ጥያቄ «ሁለት ግማሽና አንድ ሦስት አራተኛ፣ ሁሉም የናይለን ክር» ይላል። ከቀድሞው ዝቅተኛ ዋጋ ትንሽ እንደሚበልጥ ለኮሚቴው አስረድቼ ቃለ ጉባኤ ተይዟል። ለጋሾቻችን ልዩነቱን በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ ሲያዩት ምክንያቱ ይኸው ነው። ቁም ሳጥን ላይ ያለውን የእኔን ጊታር ሁለተኛ ደረጃ የሚማር ልጅ ያላት አባል ከፈለገች መጥታ ትውሰድ።

ለቅዳሜው ፕሮግራም ልጆቻችሁን ያስመዘገባችሁ እናቶች ደግሞ የልጁን ዕድሜና ቁመት፣ በየትኛው እጁ እንደሚጽፍም ጭምር ግዢው ሳይፈጸም ለቢሮ አሳውቁን።