ከማን አንሼ፣ ኔልስፕሩት

የአዲስ አበባ ስታዲየምን የሚያውቅ ሰው ካታንጋን፣ ሚስማር ተራንና ከማን አንሼን ያውቃል። ከሦስቱ ስሞች እኛ የምንወደው የመጨረሻውን ነው። ኳስ ሊያይ የመጣ ሁሉ በልቡ የሚለውን ነገር የመቀመጫ ስም ማድረግ እንዴት ያለ ብልኃት ነው! ዛሬ ግን የምናወራው «ከማን አንሼ» ለማለት ድፍረት ስለሚያስፈልገው ተመልካች ነው፤ ሰው ሜዳ ላይ ስለሚቀመጠው።

የእንግዳ ደጋፊ ወግ ይታወቃል። በየሳምንቱ መጨረሻ ዓይናችንን የምንተክልበት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ለእንግዳው ክለብ ደጋፊዎች የሚያስቀምጠው ትኬት 3,000 ነው፤ ስታዲየሙ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ከመቀመጫው አሥር በመቶ። እንግዳው አንድ ጥግ ይሰጠዋል፣ በጥበቃ ይከበባል፣ ጨዋታው ሲያልቅ ወደ መጣበት ይሸኛል።

በጥር 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያየነው ግን የዚህን ተቃራኒ ነበር። ብሔራዊ ቡድናችን ከ1974 የሊቢያው ውድድር በኋላ፣ 31 ዓመት ቆይቶ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሷል። የመጀመሪያው ጨዋታ ጥር 13 ቀን፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ኔልስፕሩት ከተማ በሚገኘው ምቦምቤላ ስታዲየም ነው። ጣራውን የቀጭኔ ቅርጽ ያላቸው 18 ምሰሶዎች የተሸከሙት፣ ወንበሮቹ እንደ ሜዳ አህያ የተዥጎረጎሩ ስታዲየም ነው። ካሜራው በዞረበት ሁሉ ግን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነበር። ዛምቢያ ቅርብ አገር ናት፤ ድምፁ ግን የእኛ ነበር።

እኛም አዲስ አበባ ቴሌቪዥን ላይ ተፋጠን «ሕዝባችን ቡድኑን ተከትሎ ሄደ» እያልን ተኩራራን። እውነቱ ሌላ ነው። አብዛኛው ደጋፊ ከዚህ አልሄደም፤ ድሮም እዚያው ነበር። ከጆሃንስበርግ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና አቆራርጦ የመጣ፣ ጄፒ በሚባለው ጎዳና ጨርቅና ብርድ ልብስ የሚሸጥ፣ በየጥቁሮቹ ሰፈር ትንሽ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ብዙዎቹ ከሆሳዕናና ከአካባቢው ተነስተው በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ አድርገው፣ በደላላ እጅ እየተቀባበሉ ደቡብ አፍሪካ የገቡ ናቸው። ከገቡም በኋላ በየጥቂት ወሩ በሚታደስ የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት የሚኖረው ብዙ ነው። እንግዳ ነው፤ ያውም ጨዋታው አልቆ የማይሸኝ እንግዳ።

በዚያ አገር «መጤ» ተብሎ መታየት ምን እንደሚያስከትልም ያውቁታል። በግንቦት 2000 ዓ.ም. ከጆሃንስበርጉ አሌክሳንድራ ሰፈር የጀመረው በውጭ አገር ዜጎች ላይ ያነጣጠረ ጥቃት ከ60 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ሱቆች ተዘርፈዋል፣ ተቃጥለዋል። በዚያ ጊዜ ብልኅ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚሄደው። አሁን እንግዲህ ያው ሰው ባንዲራ ለብሶ፣ ፊቱን ቀለም ተቀብቶ፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ሲጮህ አስቡት።

ከዚህ በፊትም ሌላ ፈተና ነበረባቸው፤ ከዚህኛው የከበደ። ግንቦት 26 ቀን 2004 ዓ.ም. ሩስተንበርግ ላይ፣ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ፣ ኢትዮጵያ የተጫወተችው ከራሷ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ነው። ሳላዲን ሰዒድ ሲያገባ የጨፈረ ሰው በማግስቱ ዕቃ የሚሸጠው ለተሸናፊ ሊሆን ለሚችል ደንበኛው ነበር። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። ለባለሱቆቹ ከዚህ የተሻለ ውጤት አይገኝም እያልን ቀልደንበታል፤ የቡድኑ አሰልጣኝ ፒትሶ ሞሲማኔ ግን ወዲያው ተሰናበተ።

ወደ ኔልስፕሩት እንመለስ። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ብዙም ሳይቆይ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ቀይ ካርድ አየ። ያኔ ቩቩዜላና ጠርሙስ ወደ ሜዳው ዘነበ፤ ጨዋታውም ተቋረጠ። ይህን ልናሳምረው አንፈልግም፤ አሳፋሪ ነበር። ነገር ግን እግሩን ሰብስቦ የተቀመጠ እንግዳ እንዲህ አያደርግም። ያ በገዛ ቤቱ ተበደልኩ ያለ ሰው ቁጣ ነው። ቤቱ የእሱ አለመሆኑን ለዘጠና ደቂቃ ረስቶታል።

ከዕረፍት በፊት ምቤሱማ አገባብን። በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ፣ በአሥር ሰው የቀረውን ቡድን አቻ አደረገ። የዚያን ጊዜውን ጩኸት የሰማ ሰው አዲስ አበባ ይሁን ኔልስፕሩት መለየት አይችልም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ረመረመችን። ጥር 21 ቀን፣ በዚያው በሩስተንበርግ፣ ናይጄሪያ በቪክተር ሞሰስ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች 2 ለ 0 አሰናበተችን። የሱቅ ዘረፋውና ጥቃቱ በሚያዝያ 2007 እና በ2011 ማብቂያ እንደገና ይመጣል፤ በዚያ ቀን ግን ይህን ማንም አያውቅም። ቡድኑ ወደ ቦሌ በረረ። ደጋፊው ባንዲራውን አጣጥፎ ወደ ጄፒ ተመለሰ። ማግስቱ ረቡዕ ነው፤ ሱቅ ይከፈታል።