ፈርድ ኪፋያን የተሸከመ ቤት፦ የጀበርቲ ቤተሰብና የምርምር ዕውቀት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ

መግቢያ

ፈርድ ኪፋያ ከኅብረተሰቡ ከፊሉ ከፈጸመው ከሌላው ላይ የሚነሣ፣ ማንም ካልፈጸመው ግን ሁሉንም የሚያስጠይቅ ግዴታ ነው። ለደረሶቻችን ምሳሌ ስንሰጥ ዘወትር የምናስቀድመው የጀናዛን ሶላት ነው። የቀደሙ ሊቃውንት ግን ነገሩን ከዚያ አስፍተውታል። ኢማም አል-ገዛሊ (505 ዓ.ሒ. ያረፉ) «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» በተባለው ሥራቸው ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርድ ኪፋያ ዕውቀቶች መካከል ቆጥረዋል፤ ከተሜው ሁሉ ወደ ፊቅህ ክርክር ሲጎርፍ ለሕክምና ሰው መጥፋቱንም ነቅፈዋል።

ከዚህ ድንጋጌ አንድ ጥያቄ ይወለዳል። «ከፊሉ ፈጽሞታል» ብለን ስንረጋጋ ያ ከፊል ማን ነው? የት ይገኛል? ሲያልፍስ ማን ይተካዋል? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ ቤተሰብ ታሪክ በኩል እንመረምራለን። ቤተሰቡ የኖረው በካይሮ ነው፤ የዘር ሐረጉ ግን የሚመዘዘው ከአገራችን ነው። ዓመታቱን በሒጅራ አቆጣጠር አስቀድመን፣ የአውሮፓውያኑን በቅንፍ እናስከትላለን።

ከጀበርት እስከ አል-አዝሀር

ጀበርት በመካከለኛው ዘመን የዐረብ ጸሐፊዎች ዘንድ ከኢፋት ግዛት ጋር የተያያዘ የአካባቢ ስም ነበር፤ ኋላ የሐበሻ ሙስሊሞች መጠሪያ ሆነ። ከዚህ ምድር ተነሥተው በዘይላዕ ወደብ በኩል ባሕር የተሻገሩ ተማሪዎች በግብፅ ስማቸው የገነነ ነው። የሐነፊ ፊቅህ ሊቅ ፈኽሩዲን ዑስማን አዝ-ዘይላዒ (743 ዓ.ሒ. ያረፉ) እና «ነስብ አር-ራያ» የተባለውን የሐዲስ ምርመራ ያዘጋጁት ጀማሉዲን አዝ-ዘይላዒ (762 ዓ.ሒ. ያረፉ) ለዚህ በቂ ምስክሮች ናቸው። በአል-አዝሀርም ከየአገሩ ለሚመጡ ተማሪዎች ማደሪያና መማሪያ የሚሆኑ ሩዋቆች ነበሩ፤ የሐበሻዎቹ «የጀበርት ሩዋቅ» ይባል ነበር።

ታሪክ ጸሐፊው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ እንደመዘገቡት ሰባተኛ አያታቸው ከጀበርት ተነሥተው በዘይላዕ በኩል ወደ ሒጃዝ ተሻገሩ። በመካና በመዲና ከቆዩ በኋላም ካይሮ ገብተው የሩዋቁ ሸይኽ ሆኑ። ኀላፊነቱ ከዚያ ወዲህ በቤተሰቡ ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ። በ1110 ዓ.ሒ. (1698) የተወለዱት የታሪክ ጸሐፊው አባት ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲም ይህንኑ ወረሱ። ሸይኽ ሐሰን በመጀመሪያ የሐነፊ ፊቅህ ሊቅ ናቸው። ፊቅህ ግን ከዚያ ተሻግረው ወደ ሒሳብ፣ ወደ ሥነ ፈለክ፣ ወደ ምህንድስናና ወደ ልኬት እንዲገቡ አደረጋቸው እንጂ አላገዳቸውም።

የገዢው ጥያቄ

በ1161 ዓ.ሒ. (1748) ገደማ አሕመድ ፓሻ የተባለ የዑስማንያ አገረ ገዢ ወደ ካይሮ መጣ። ሒሳብን የሚወድ ሰው ነበርና የአል-አዝሀርን ታላላቅ ዑለማ ሰብስቦ በዚሁ ዘርፍ አነጋገራቸው። መልስ ሊሰጡት አልቻሉም። ግብፅ የዕውቀት ምንጭ ናት ሲባል ሰምቶ እንደ መጣ፣ ያገኘው ግን ከሰማው ያነሰ እንደ ሆነ በግልጽ ነገራቸው።

የዘመኑ የአል-አዝሀር ሸይኽ ዐብዱላህ አሽ-ሹብራዊ የሰጡት መልስ ሐቀኛ ነበር። የአል-አዝሀር ሰዎች ከሒሳብ የሚይዙት ለውርስ ክፍፍል የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ መሆኑን አመኑ። ገዢው ግን በዚህ አላበቃም። የወቅት ዕውቀትስ ከሸሪዓ ዕውቀት አይደለምን? የሶላት ጊዜ መግባት፣ ቂብላ፣ የጾም መያዣና መፍቻ፣ የጨረቃ መታየት ሁሉ በእርሱ የሚታወቁ አይደሉምን? ብሎ ጠየቀ። ሸይኹም ዕውቀቱ ፈርድ ኪፋያ መሆኑን፣ መሣሪያና የእጅ ሙያ እንደሚፈልግ፣ ከየገጠሩ የተሰበሰቡት የአል-አዝሀር ተማሪዎች ደግሞ በአብዛኛው ድኾች መሆናቸውን አስረዱ። ገዢው መልሶ ግዴታውን ከሌሎቹ ላይ ያነሡት ጥቂቶች የት እንዳሉ ጠየቃቸው። በየቤታቸው ናቸው ሲሉ መለሱለትና ወደ ሸይኽ ሐሰን አመለከቱት።

ገዢው ሸይኽ ሐሰንን አስጠርቶ ካነጋገረ በኋላ ተማሪያቸው ሆነ። አሽ-ሹብራዊም ሸይኽ ሐሰንን ባገኟቸው ቁጥር በገዢው ፊት የሁላችንንም ነውር ሸፈኑልን እያሉ ያመሰግኗቸው ነበር። ለእኛ ግን የታሪኩ ክብደት ከምስጋናው ይልቅ «በየቤታቸው» በሚለው መልስ ላይ ነው። ዕውቀቱ አልጠፋም ነበር፤ የሚገኘው ግን በሰዎች ቤት እንጂ በትምህርት ቤቱ አልነበረም።

ጥላና ሚዛን

ከዚህ ግንኙነት የተገኘ አንድ ፍሬ በእብነ በረድ ላይ የተቀረጸ የፀሐይ ሰዓት ነው፤ አንዱ በአል-አዝሀር ግቢ ተተክሏል። የእነዚህን ሰዓቶች ስሌት ጠለቅ ብለን ብናይ የፊቅህና የሒሳብ ጋብቻ ይገለጥልናል። የዐስር ወቅት በብዙኀኑ መዝሀቦች ዘንድ የአንድ ነገር ጥላ ከቀትር ጥላው በላይ በነገሩ ቁመት ልክ ሲረዝም ይገባል፤ በኢማም አቡ ሐኒፋ ዘንድ ደግሞ የቁመቱ ዕጥፍ ሲሆን ነው። ይህን በድንጋይ ላይ በመሥመር ለማሳየት የቦታውን ኬክሮስ፣ የፀሐይን የዓመት ጉዞና የዘንጉን ቁመት በአንድነት ማስላት ይጠይቃል።

ለአንድ ከተማ የተሠራ ሰዓት ለሌላው አያገለግልም። ካይሮ በሰሜን 30 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ጥላ በዚያ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ይወድቃል። አዲስ አበባ ግን በ9 ዲግሪ ላይ ናት፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን ትሆናለች፣ ጥላም ወደ ደቡብ ይወድቃል። ስለዚህ በሌላ አገር የተጻፈን የወቅት ሰንጠረዥ እንዳለ መቅዳት ስሕተት ላይ ይጥላል። አስልቶ ማረጋገጥ የሚችል ሰው በእያንዳንዱ አገር መኖር ይገባዋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ፍሬ የገበያው ሚዛን ነው። በ1172 ዓ.ሒ. (1758/59) በካይሮ የክብደት መለኪያዎች ተዛብተው ነበርና ሸይኽ ሐሰን የማስተካከሉን ሥራ ያዙ፤ ስለ ሚዛንም መጽሐፍ ጻፉ። ነጋዴው ለከባድ ዕቃ የሚጠቀምበት «ቀባን» አንድ ክንዱ አጭር፣ ሌላው ረጅም የሆነ፣ በረጅሙ ክንድ ላይ ተንሸራታች ድንጋይ ያለበት ሚዛን ነው። በክንዱ ላይ የተቀረጸው ምልክት በጥቂቱ ከሳተ ስሕተቱ በእያንዳንዱ ጭነት ይደገማል፤ ሻጩ ቅን ቢሆን እንኳ ገዢው ይበደላል። ሱረቱል ሙጠፊፊን ስፍርን ስለሚያጎድሉ ሰዎች የሚሰጠውን ብርቱ ማስጠንቀቂያ በየሚንበሩ እናስተምራለን። ሸይኽ ሐሰን ከማስጠንቀቁ በኋላ የሚቀረውን ሥራ ሠሩ፦ የሚዛኑን ክንድ ለኩት።

ልጃቸው እንደሚተርኩት በ1159 ዓ.ሒ. (1746) ከአውሮፓ የመጡ ተማሪዎች ከሸይኽ ሐሰን ምህንድስናን ተምረዋል፤ መሣሪያም በስጦታ አምጥተውላቸዋል። በሸይኹ ዘመን «ሀንደሳ» የሚባለው ዕውቀትና ዛሬ በአማርኛ «መሐንዲስ» የምንለው ባለሙያ ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው።

አካልና ውኃ

በዚሁ ዘመን የአል-አዝሀር ሸይኽ የነበሩት (ከ1768 እስከ 1778) አሕመድ አድ-ደመንሁሪ ከፊቅህ ሥራዎቻቸው ጋር ስለ ሰው አካል አፈጣጠርና ከምድር ውኃ ስለ ማውጣት መጽሐፍ ጽፈዋል። ከዚህ እንደምንረዳው በከፍተኛው ወንበር የተቀመጠ ሰውም እነዚህን ዘርፎች ከክብሩ በታች አላያቸውም። ይሁን እንጂ የዘመኑ ሕክምና ከመጽሐፍ ወደ በሽተኛው አልጋ የሚያደርሰው ድልድይ ጠባብ ነበር። ዐብዱረሕማን እንደጻፉት አባታቸው ከአርባ የሚበልጡ ልጆች ወልደው ለዐቅመ አዳም የደረሱት እርሳቸው ብቻ ናቸው። በ1205 ዓ.ሒ. (1791) የተነሣው ወረርሽኝም «ታጅ አል-ዐሩስ» የተባለውን ታላቅ መዝገበ ቃላት ያዘጋጁትን ሙርተዳ አዝ-ዘቢዲን ወሰደ። ሚዛኑን ማቅናት በቻለ ከተማ ውስጥ ሕፃናትና ሊቃውንት እንዲህ ያልቁ ነበር።

ታሪክ እንደ ምርመራ

አዝ-ዘቢዲ ከመሞታቸው በፊት የደማስቆው ታሪክ ጸሐፊ ሙሐመድ ኸሊል አል-ሙራዲ ለጀመሩት የ12ኛው የሒጅራ ክፍለ ዘመን ሰዎች የሕይወት ታሪክ መረጃ ይሰበስቡ ነበር፤ ዐብዱረሕማንንም ለዚሁ ሥራ አሰልፈዋቸዋል። ሁለቱም በአንድ ዓመት ገደማ ሲሞቱ ሥራው በወጣቱ እጅ ቀረ። ከዚህ ጅምር «ዐጃኢብ አል-አሳር ፊ አት-ተራጅም ወል-አኽባር» ተወለደ። መጽሐፉ ከ1100 እስከ 1236 ዓ.ሒ. (1688–1821) ያለውን የግብፅ ታሪክና የሰዎቿን ሕይወት ይይዛል።

የአሠራሩ መንገድ ለሐዲስ ተማሪ እንግዳ አይደለም። ጸሐፊው የጸሐፍትን መዛግብት አገላብጠዋል፣ የመቃብር ድንጋይ ጽሑፎችን አንብበዋል፣ ሽማግሌዎችን ጠይቀዋል፤ ስለ ዘመናቸው ሁነትም ወሬው በብዙ አፍ እስኪጸና ድረስ ከመጻፍ ይቆጠቡ ነበር። አባትየው የሚዛን ክንድ እንደ ለኩ ሁሉ ልጅየው ወሬን መዘኑ። የሥነ ጽሑፍ ዕውቀት ከሒሳብና ከሕክምና ጋር የሚገናኘውም እዚህ ላይ ነው፤ የሰማነውን ከማስተላለፋችን በፊት እንድናጣራ ሁሉም ያስገድዱናል።

የ1798 ፈተና

በ1213 ዓ.ሒ. (1798) ፈረንሳዮች ግብፅን ወረሩ፤ በካይሮም የምርምር ተቋም አቋቋሙ። ዐብዱረሕማን ወረራውን፣ ግፉንና የአል-አዝሀርን መደፈር ሳይሸፋፍኑ መዝግበዋል። ተቋሙንም ጎብኝተዋል። ለሁሉም ክፍት የሆነ ቤተ መጻሕፍት፣ የሥነ ፈለክ መሣሪያዎች፣ ፈሳሾች ተቀላቅለው ቀለማቸውንና ጠባያቸውን ሲለውጡ፣ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሰውን አካል ሲመታ አይተው ጽፈዋል። ያዩት ነገር እንደ እርሳቸው ያሉ ሰዎች አእምሮ ከሚደርስበት በላይ መሆኑንም አልደበቁም። ወረርሽኝን ለመከላከል የወጡትን ትእዛዛት፣ ልብስና ምንጣፍ አየር ላይ ስለ ማስጣት፣ በመኖሪያ ቤቶች መካከል መቅበርን ስለ መከልከል የተባለውን፣ ሕዝቡም እንዴት እንደተማረረ አስፍረዋል። ወራሪን መጥላትና ዕውቀቱን በፍትሕ መመዘን በአንድ ብዕር ተገኙ።

ነገር ግን ይህን አግራሞት በጥሞና ማንበብ ይገባል። እንዲህ የተደነቁት ሰው በመሣሪያ በተሞላ ቤት ያደጉ ናቸው። ሸይኽ ሐሰን ያረፉት በ1188 ዓ.ሒ. (1774) ሲሆን ፈረንሳዮች የመጡት ከ24 ዓመት በኋላ ነው። ደቀ መዛሙርት ነበሯቸው፤ ዕውቀታቸው ግን በአል-አዝሀር ቋሚ ወንበር፣ ወቅፍ የተመደበለት የመሣሪያ ቤት፣ ከዓመት ዓመት የሚቀጥል ትምህርት ሆኖ አልተተከለም። አሕመድ ፓሻ ሲጠይቅ ያ ቤት መልስ ሆኖ ነበር። ከግማሽ ምእተ ዓመት በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ በመድፍ ታጅቦ ሲመጣ ቤቱ ብቻውን አልበቃም።

ጥገናው የተጀመረው ከራሱ ከአል-አዝሀር በወጡ ሰዎች ነው። የዐብዱረሕማን ወዳጅ ሸይኽ ሐሰን አል-ዐጣር ከሥነ ጽሑፍ ጋር ሕክምናንና ሥነ ፈለክን አጠኑ፤ በ1830ም የአል-አዝሀር ሸይኽ ሆኑ። ተማሪያቸው ሪፋዐ አጥ-ጠህጧዊ በ1826 ወደ ፓሪስ ከተላኩት የግብፅ ተማሪዎች ጋር የሄዱት ኢማም ሆነው ነው፤ የሄዱት ሊያሰግዱ ሲሆን የተመለሱት የትርጉም መምህር ሆነው ነው። በ1827 በአቡ ዘዕበል የተከፈተው የሕክምና ትምህርት ቤትም የመጀመሪያ ተማሪዎቹን በአብዛኛው ከአል-አዝሀር ወሰደ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ፍርድ አንድ ነው። ፈርድ ኪፋያ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ እስካለ ድረስ ተፈጽሟል ለማለት አያስደፍርም፤ የተፈጸመው ለዚያ ሰው ዕድሜ ያህል ብቻ ነው። ግዴታው በእውነት የሚነሣው ተተኪ፣ መሣሪያና ቋሚ ቦታ ሲኖረው ነው።

ጉዳዩ የካይሮ ብቻ አይደለም። በወሎ፣ በሐረር፣ በጅማ ወቅትን በጥላ የሚያውቁ፣ የውርስን ዐውል በቃላቸው የሚያሰሉ፣ የመድኃኒት ዕፅዋትን የሚለዩ፣ በዐጀም የተጻፉ መጻሕፍትን የሚያነቡ ሸይኾች ዛሬም በየቤታቸው አሉ። በመድረሳው ግቢ አንድ ዘንግ ተክሎ ደረሶች የቀትርንና የዐስርን ጥላ ዓመቱን ሙሉ እንዲመዘግቡ ማድረግ ከፍተኛ ወጪ አይጠይቅም። የፈራኢድን ትምህርት ከቃል ጥናት ወደ ጽሑፍ ስሌት ማሸጋገር፣ ባልና ሁለት እኅቶች ሲወርሱ ስድስቱ ለምን ሰባት እንደሚሆን በሰሌዳ ማሳየት ይቻላል። በየመስጂዱ ያረፉ ዑለማን ስም፣ የተማሩበትንና ያስተማሩበትን ቦታ፣ የተዉትን መጽሐፍ መመዝገብም የኢማሙ ሥራ ሊሆን ይችላል። ገዢው በካይሮ ያነሣውን ጥያቄ ነገ የኛው ደረሳ ሲያነሣው «በየቤታቸው ናቸው» ከማለት የተሻለ መልስ ልናዘጋጅለት ይገባል። ወላሁ አዕለም።