ሸማውን አክብረን ሸማኔውን የናቅንበት ታሪክ

ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል ይላል የአገራችን ሰው። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ምእመን ነጠላውን መስቀለኛ ያጣፋል፤ በሹም ፊት የሚቆም ባለጉዳይ ያደገድጋል፤ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ አንገቱ ይመልሳል። ደስታችንንም ሐዘናችንንም፣ መታዘዛችንንም ኩራታችንንም የምንናገርበት ቋንቋ ሸማ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። ይህን ቋንቋ የሠራልን ሰው ግን ለዘመናት መጠሪያው ስድብ ሆኖ ኖረ። አንድ ሕዝብ የሚለብሰውን እያከበረ የሚያለብሰውን ስለ ምን ናቀ? ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው።

የተለመደው መልስ «የቀድሞ ሰዎች የእጅ ሥራን ይጸየፉ ነበር» የሚል ነው። ይህ መልስ አያጠግበኝም። ገበሬውም የሚሠራው በእጁ ነው። ይልቁንም የባላባት ሚስት ሳትቀር ጥጥ ታስዳምጥ፣ ባዘቶ ታዘጋጅ፣ እንዝርት ታሾር ነበር፤ ፈትል የጨዋ ሴት ሙያ ተብሎ ይመሰገን ነበር። ያው ፈትል ከሸማኔው ጉድጓድ ሲደርስ ግን ሙያው ወደ ነውርነት ይለወጣል። ክሩ ያው ክር ነው፤ እጁም ያው የሰው እጅ ነው። የተለወጠው የሠራተኛው ማንነት ብቻ ነው።

ማን ነበር ሸማኔው? በሰሜኑና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል ሽመና በአብዛኛው የተያዘው ርስት በተነፈጉ ወገኖች ነበር። በትውፊት እንደሚነገረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ያልተጠመቀ ሰው ርስት እንዳይወርስ ተወሰነ። ቤተ እስራኤላውያን መሬታቸውን እያጡ በሄዱ መጠን ወንዶቻቸው በሽመናና በብረት ሥራ፣ ሴቶቻቸው በሸክላ ሥራ አደሩ። ሙስሊሞችም በክርስቲያኑ ደጋ የርስት ባለመብት ስላልነበሩ በንግድና በሽመና ተሰማሩ። በ1668 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተቀመጠው ጉባኤ ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። እንግዲህ ክብር በመሬት በሚለካበት ሥርዓት መሬት የሌለው ሰው በጥበቡ ያድራል፤ ጥበቡም የመሬት አልባነቱ ምልክት ይሆንና አብሮት ይናቃል። ንቀቱ የርስት ሥርዓት ልጅ ነው፤ ሽመና አልወለደውም።

ለዚህ አባባሌ ጥሩ ምስክር የሚሆነኝ የጋሞ ደጋ ነው። በዶርዜና በአካባቢው ሽመና የወንድ ልጅ ሁሉ ሙያ ነው፤ ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። እዚያ ሸማኔው «ማላ» ከሚባለው፣ መሬትና ሙሉ የማኅበረሰብ መብት ካለው ወገን ነው። ስለዚህ አልተናቀም። በዚያው ምድር የተናቁት ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ናቸው፤ ከማላው ጋር አይጋቡም፣ በማኅበረሰቡ ጉዳይም ድምፅ አልነበራቸውም። አንዱ ሙያ በጎንደር ሲያዋርድ በጋሞ አላዋረደም። ልዩነቱ ከሙያው ቢመጣ ኖሮ ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?

ጋሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላ ብዙ ሸማኔዎች ወደ አዲሲቱ መዲና መጥተው በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ሰፈሩ። በአገራቸው ባለ ክብር የነበሩት ሰዎች አዲስ አበባ ሲደርሱ ሌላ ሚዛን ጠበቃቸው። «ዶርዜ» የሚለው የሕዝብና የአገር ስም በከተሜው አፍ የሙያ ስም፣ ብዙ ጊዜም የስድብ ስም ሆነ።

ዐፄ ምኒልክ የነገሩን አደጋ ተረድተውት ነበር። ጥር 1900 ዓ.ም ባወጡት ዐዋጅ ሸማኔውን፣ ብረት ሠሪውን፣ ፋቂውን በሥራው መስደብን ከለከሉ። ስድቡ ከቀጠለ አገሪቱ ማረሻ የሚሠራላት ሰው እንኳ እንደምታጣ አስጠነቀቁ፤ ሠራተኛን የሰደበ እሳቸውን እንደ ሰደበ እንዲቆጠር፣ በአንድ ዓመት እስራትም እንዲቀጣ ደነገጉ። ለዘመኑ ትልቅ ዐዋጅ ነው። ሆኖም ስድቡን ከለከለ እንጂ የስድቡን ሥር አልነካም። ሥሩ የተነካው ከ67 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲደረግ ነው። ደርግ በዚህች አገር ላይ ያደረሰውን ግፍ የሚያስረሳ ባይሆንም ይህን መካድ አይቻልም።

በክብር በኩል እንዲህ ሲሆን በገበያው በኩል ሌላ ፈተና መጣ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ አቡጀዲ፣ ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ርካሹ የጃፓን ጨርቅ ገበያውን አጥለቀለቀው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ የድካሙን ፍሬ ለባዕድ እንደሚያስረክብ አስተምረዋል። ሸማኔው ግን አልሞተም። የፋብሪካውን ክር ድር፣ የእጅ ፈትሉን ማግ አድርጎ ጠላቱን ከራሱ ሥራ ውስጥ አስገባው። ጋቢውና ነጠላው እስከ ዛሬ የኖሩት በዚህ ብልሃት ነው።

የዛሬውስ? ኅዳር 29 በመጣ ቁጥር ባለ ሥልጣኖቻችን በጥለት አጊጠው በቴሌቪዥን ይታያሉ። ገበያው ውስጥ ደግሞ የጥበቡ ንድፍ በሽፎን ላይ ታትሞ ከቻይና ይመጣል፤ ሸማኔው ቀናት የደከመበትን ማሽኑ በደቂቃ ይቀዳዋል። መንግሥት በ2008 ዓ.ም የሐዋሳን የኢንዱስትሪ ፓርክ አስመርቆ ለውጭ ባለሀብት ሼድ ገነባ፣ የግብር እፎይታ ሰጠ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ኢትዮጵያ ከአጎአ ስትወጣ ግን በሌላ አገር ውሳኔ ላይ የተሠራ ተስፋ ምን ያህል ስስ እንደሆነ አየን። ከሽሮ ሜዳው ጉድጓድ ሥር የተቀመጠው ሰው እንዲህ ያለ ሼድም እፎይታም አላየም።

ሸማኔውን ለማሞገስ ስል ግን የሽመናን ጓዳ አልሸፍንም። ከጋሞ ደጋ ትምህርትና የተሻለ ኑሮ ተስፋ እየተሰጣቸው የመጡ ሕፃናት በአዲስ አበባ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ከንጋት እስከ ሌሊት ሲሸምኑ መኖራቸው የታወቀ ነው። በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ይሁንና ነጠላ ስንገዛ ዋጋ ለማስቀነስ የምንከራከረው እኛ ነን፤ የምናስቀንሰውም ዋጋ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው በአቅመ ቢሱ ትከሻ ነው።

የኢትዮጵያን ታሪክ በማስተምርበት ክፍል ነገሥታቱን ከነስመ መንግሥታቸው የሚደረድር ተማሪ ሞልቷል። እነዚያን ነገሥታት ካለበሱት ሸማኔዎች የአንዱን ስም የሚጠራልኝ ግን እስካሁን አላገኘሁም። የተጻፈው ታሪክ ስማቸውን አልያዘማ!

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልን ስለ አንድነት የምንሰብከው ከሸማኔው በተዋስነው ቃል ነው። ምኒልክ ስድቡን ከለከሉ፤ የ1967ቱ ዐዋጅ መሬቱን ፈታ። የቀረው የላቡን ዋጋ መክፈል ነው፤ ይህን ደግሞ ዐዋጅ ብቻውን አያደርገውም።

ቸር ይግጠመን።