ውሻው ምን በድሎ ሥርየት ያገኛል?

«ውሻዎ በስርየት ላይ ነው፤ ኬሞቴራፒው ይቀጥላል።»

የትርጉም ማሽን ከእንግሊዝኛ ገልብጦ ያወጣው አማርኛ ነው። አሜሪካ ያሉ ልጆች ከእንስሳት ሐኪም የመጣላቸውን ደብዳቤ ለእናት ለአባታቸው በስልክ ሲያስተረጉሙ እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል። አሁን አሁን ደግሞ ሰው በእጁ በሚጽፈው የጤና ጽሑፍም «ስርየት» ሰተት ብሎ እየገባ ነው። ይህን የሰሙ እናት «ምን በድሎ?» ብለው ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም። ሥርየት ለኃጢአት ነው። ውሻ ጫማ ያኝካል፣ ምንጣፍ ያበላሻል፤ የንስሐ አባት ግን የለውም።

ቀልዱ ግን ሩቅ አይወስደንም። ቃሉ የሚመጣው ቤተሰቡ አስጨናቂ ነገር ሊወስን በተሰበሰበበት ሰዓት ነው። ካንሰር የያዘው ውሻ ኬሞውን ይቀጥል ወይስ ይብቃው? ሐኪሙ ለዚህ የሚሰጠው መልስ ሁሉ የሚዞረው እንግሊዝኛው «ሪሚሽን» በሚለው፣ ማሽኑ «ስርየት» ብሎ ባወጣው ቃል ዙሪያ ነው። እሱ ከተበላሸ ውሳኔውም አብሮ ይበላሻል።

ነገሩን ብዙዎቻችን በግማሽም ቢሆን ስለምናውቀው አላረዝመውም። በውሾች ላይ ኬሞ በብዛት ከሚሰጥባቸው ካንሰሮች አንዱ ሊምፎማ ነው። ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ በእጁ ዳብሶ የሚያገኘው ንፍፊት ነው፤ ከመንጋጋው ሥር፣ ከትከሻው ፊት ወይም ከኋላ እግሩ ጉልበት ጀርባ። (ንፍፊትን የመሰለ ቃል እያለን «የሊምፍ ኖድ እብጠት» ማለት ለምን እንዳስፈለገ ሌላ ቀን እጠይቃለሁ።) ሳይታከም የቀረ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቢቆይ ነው። ቪንክሪስቲን፣ ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ዶክሶሩቢሲንና ፕሬድኒሶን ተቀናጅተው የሚሰጡበት፣ «ቾፕ» የሚባለው ሕክምና ሲጀመር ግን ከ10 ውሾች የ8ቱ ወይም የ9ኙ ንፍፊት ይጠፋል፤ ወይም በእጅጉ ይቀንሳል። ሕክምናው ከ4 እስከ 6 ወር ይፈጃል፣ ወጪውም በሺህ ዶላር የሚቆጠር ነው። የታከሙት ውሾች ቀሪ ዕድሜ በመካከለኛ ግምት አንድ ዓመት ገደማ ነው። ጨርሶ የሚድነው ጥቂቱ ነው። ለሰው የሚሰጠው ኬሞ ብዙ ጊዜ ለማዳን ይታገላል፤ ለውሻ የሚሰጠው ደህና ወራት ለመጨመር ነው። ስለዚህ መጠኑ ቀለል ይላል፣ ጠጉሩም እንደ ፑድል ያለማቋረጥ የሚያድግ ካልሆነ በቀር ብዙም አይረግፍም።

እንግዲህ ስም የሚሻው ይህ መካከለኛ ጊዜ ነው። ንፍፊቱ ጠፍቷል፣ ውሻው ይበላል፣ ኳስ ያሳድዳል፤ በሽታው ግን ከዓይንና ከእጅ ተሰወረ እንጂ አልወጣም።

ለ«ሥርየት» የሚከራከርለት አይጠፋም፤ ክርክሩም ከባዶ አይነሳም። በግእዝ «ሥራይ» መድኃኒት ነው፤ ሐኪምም «ዐቃቤ ሥራይ» ይባል ነበር። ያው «ሥራይ» አስማትም ነው፤ «መሠርይ» ጠንቋይ ነው። ስለዚህ አንድ የቅኔ ሰው ተነስቶ «ሥርየት ከሕክምና ጋር ጥንትም ዝምድና አለው» ቢለኝ አላሳፍረውም። እንግሊዝኛውም ቢሆን ለኃጢአትም ለበሽታም የሚጠቀመው በዚያው በአንዱ ቃል ነው፤ ላቲኑ መልሶ መስደድ፣ ማላላት ማለት ነበርና ለሁለቱም ተመቻቸው። ማሽኑ ከሁለቱ መንገድ የቤተ ክርስቲያኑን ያዘ። ግን ቃል የሚኖረው በሥሩ ብቻ አይደለም፣ በሰሚው ጆሮም ነው። በዛሬ አማርኛ ሥርየት ያገኘ ሰው ዕዳው ተሰርዞለታል፤ ነገሩ አልቋል። ሐኪሙ ደግሞ ሊል የፈለገው «ነገሩ አላለቀም» ነው። ቃሉ የሐኪሙን አሳብ ገልብጦ ሲያስተላልፍ፣ ቤተሰቡ «ታዲያ ከዳነ መርፌው ለምንድን ነው?» ብሎ ሕክምናውን በሁለተኛው ወር ቢያቋርጥ ጥፋቱ የማን ነው?

«ሪሚሽንን እንዳለ በፊደላችን እንጻፈው» የሚሉም አሉ። በውሰት ቃል ላይ ጠብ የለኝም። «ካንሰር» «ነቀርሳ»ን ገፍቶ ቢቀመጥ አንድ ጥቅም አለው፤ ነቀርሳ ለሳንባውም በሽታ ስለሚውል ሰው ይደናገር ነበር። የመድኃኒት ስም እንደመጣ ይገባል፣ ኬሞም ኬሞ ነው። ሪሚሽን ግን መሣሪያ ወይም ኬሚካል አይደለም። በሽታ ለቀቅ አድርጎ መመለሱን አያቶቻችን በየቤቱ ሲያስታምሙ ያዩት፣ በየቀኑም የተናገሩት ነገር ነው። ያልነበረን ነገር ሲመጣ መዋስ ደግ ነው፤ የነበረንን ረስቶ መዋስ ግን ስንፍና ነው።

ለነገሩ የተሻሉ ተፎካካሪዎች አሉ። «ፋታ» ከሁሉ ይቀርባል፤ «ፋታ የማይሰጥ በሽታ» እንላለንና። ሆኖም ፋታ ያለው ታማሚው ነው፤ ይህ ውሻ ደግሞ ንፍፊቱ ከጠፋ በኋላም በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ መርፌ ይወጋል፣ ደሙ ይመረመራል። ፋታውን ማን አየው? «ማፈግፈግ»ን የሚወዱት ስለ ካንሰር ሲጽፉ ጦር ሜዳ ካልወረዱ ብዕር የማይነሳላቸው ናቸው። «ካንሰሩ አፈገፈገ» ያለ ሰው ነገ በሽታው ሲመለስ «ውሻው ተሸነፈ» ሊል ነው፤ እንስሳው ግን ያልዘመተበትን ጦርነት ነው የሚሸነፈው። «ታገሰ» ከሁሉም ይጥመኛል። ሕመም ይታገሳል፤ አማርኛ ትዕግሥትን ለበሽታ ሳይቀር ሰጥቶታል። ግን ስም ላውጣለት ስል «ትዕግሥት» ይሆንና ሰሚው ወይ ስለ ባለቤቱ ጠባይ ወይ ስለ ጎረቤቱ ልጅ የማወራ ይመስለዋል። «ማስታገሻ»ም ቀድሞ በሕመም መድኃኒት ተይዟል።

የእኔ ምርጫ «ጋብ ማለት» ነው። ሕመሙ ጋብ አለ፣ ትኩሳቱ ጋብ አለለት፣ ሳሉ ጋብ ብሎ እንደገና ተነሳበት፤ ይህን የማይል አማርኛ ተናጋሪ አላውቅም። ቃሉ ስለ ዝናብም ይነገራል፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ሰው ጉዳዩን ለማድረስ ይጣደፋል እንጂ ክረምቱ አለፈ ብሎ ጃንጥላውን አይጥልም። ሐኪሙ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ መቀነሱን በግልጽ፣ መመለሱን በውስጠ ታዋቂ የሚናገር ቃል። ሲያስፈልግም ከ«አለ» ይልቅ «አደረገ»ን ይይዛል፦ መድኃኒቱ በሽታውን ጋብ አደረገው።

ስም ሲያስፈልግስ? እዚህ ላይ የቋንቋው ደንብ ራሱ ይመልሳል። ደስ አለ ደስታ፣ ጸጥ አለ ጸጥታ፣ ዝም አለ ዝምታ፣ ከፍ አለ ከፍታ፣ ዝቅ አለ ዝቅታ፣ ቸል አለ ቸልታ። ስለዚህ ጋብ አለ፣ ጋብታ። ንፍፊቱ ሁሉ ከጠፋ ሙሉ ጋብታ፣ ከተረፈ ከፊል ጋብታ። ስልኬ ቃሉን ወደ «ጋብቻ» ሊያርመው ሞክሯል፤ እሱ ይልመድ እንጂ እኛ አንለምድም። አንድ ወዳጄ ደግሞ «የተፈጠረ ቃል ይመስላል» አለኝ። ነው እንጂ። ዝምታም አንድ ቀን አንድ ሰው የተናገረው አዲስ ቃል ነበር፤ የለመድነው በደንቡ መሠረት ስለወጣ ነው።

አማርኛ ለዚህ ዝግጁ ለመሆኑ ማስረጃው የጋብታው ተከታይ ስም አስቀድሞ መኖሩ ነው። እንግሊዝኛው «ሪላፕስ» የሚለውን እኛ አገረሸ እንላለን፣ ስሙም ግርሻ ነው። የሕክምና ጽሑፎቻችን «ዳግም መከሰት» እያሉ ሁለት ቃል ሲያባክኑ ግርሻ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ጋብታና ግርሻ ሲጣመሩ የዚህ በሽታ ጉዞ እንዳለ ይነገራል።

ሌላም አለ፤ ለእኔ ከቃሉ ምርጫ የሚበልጠው ይህ ነው። «ውሻው በስርየት ላይ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ስርየትን በጋብታ ብንለውጠውም አይድንም። «በጋብታ ላይ ነው» የሚል አማርኛ የለምና። እንግሊዝኛው ታማሚውን ባለቤት አድርጎ ሪሚሽን ውስጥ ያስቀምጠዋል። አማርኛ ግን ጋብ የሚለውን ያውቀዋል፤ በሽታው ነው። የሚሻለው ሌላ ነው። በሽታው ጋብ ይላል፤ ውሻውን ይሻለዋል። ይህ የሰዋስው ልዩነት ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ኬሞው ይቀጥል አይቀጥል የሚለው ጥያቄ የሚሰነጠቀው እዚህ ላይ ነው። «በሽታው ጋብ ብሏል ወይ?» የሚለውን የሚመልሰው ሐኪሙ ነው፣ በእጁ ዳብሶ፣ በመርፌ ናሙና ወስዶ። «ውሻውን ተሽሎታል ወይ?» የሚለውን ግን የሚመልሱት ሌሊት አብረውት ያደሩት ናቸው። ሁለቱ መልሶች ሁልጊዜ አይገጥሙም። ንፍፊቱ ጠፍቶ ውሻው ከመድኃኒቱ የተነሳ የሚያስመልሰው፣ ምግብ የሚሸሽ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ መጠኑ ይቀነሳል፣ ሳምንት ይዘለላል፣ የማስመለስ መከላከያ ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜም ይስተካከላል። በሽታው ጋብ ሳይል ውሻው በፕሬድኒሶኑ ብቻ ለጥቂት ቀን ሲፈነጥዝም ይታያል። ይህን ያየ ቤተሰብ «ድኗል» ቢል አይገርምም፤ ሐኪሙ ግን አላለም።

የቤተሰቡን መልስ በቁጥር ለመያዝ አሜሪካዊቷ የእንስሳት ካንሰር ሐኪም አሊስ ቪላሎቦስ በ2004 እ.ኤ.አ. መለኪያ አውጥታለች። ሕመም፣ ምግብ፣ ውኃ፣ ንጽሕና፣ ደስታ፣ እንቅስቃሴ፣ ደህናው ቀን ከክፉው መብለጡ፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ይሰጣል፣ ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ የሚኖር ኑሮ ነው ይባላል። «የሕይወት ጥራት መለኪያ» እያሉ ተርጉመውታል። ጥራት ለቡናና ለጨርቅ ነው፤ አስታማሚ የሚጠይቀው «ይህም ኑሮ ነው?» ብሎ ነውና «የኑሮ መለኪያ» ቢሉት ምን ጎደለ? መለኪያው ራሱ ግን ጠቃሚ ነው፤ በተለይ ባልና ሚስት ሳይስማሙ፣ ልጆች ሲያለቅሱ፣ በየቀኑ የተጻፈ ቁጥር ካለ ንግግሩ ይረጋል።

ወደ ግርሻው ስንመጣ ጋብታ ይበልጥ ይፈለጋል። አብዛኛው ውሻ ያገረሽበታል። ያኔ ሐኪሙ ሌላ የመድኃኒት ቅንብር ይጠቁማል፣ ወይም የመጀመሪያው ጋብታ ረዘም ያለ ከነበረ ቾፕን እንደገና መሞከር ይቻላል ይላል። ሁለተኛው ጋብታ ግን ከመጀመሪያው ይልቅ የሚገኘው ለጥቂቱ ነው፣ ዕድሜውም አብዛኛውን ጊዜ ያጥራል። ዶክሶሩቢሲንም ማለቂያ በሌለው ዙር አይሰጥም፤ በተደመረ ቁጥር ልብን ስለሚጎዳ ጠቅላላ መጠኑ ወሰን አለው። ስለዚህ «የመጀመሪያው ጋብታ ስንት ወር ቆየ?» የሚለው ጥያቄ ከ«ስንት ብር ነው?» ቀድሞ መጠየቅ አለበት። ይህን ጥያቄ በ«ሥርየት» ጠይቁት እስቲ።

«ሰው መድኃኒት ባጣበት ዘመን ለውሻ ኬሞ!» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። የውሻው ጉዳይ ባይዋጥለት ቃሉን ይውሰደው። ቾፕ ራሱ ከሰው ሕክምና የመጣ ነው፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር ክፍል የተቀመጡ እናትም «በሽታው ጋብ ብሏል፣ ክትትሉን ግን አያቋርጡ» ቢባሉ ምን እንደተባሉ ያውቃሉ።

ኬሞውን ለማቆም ለሚወስኑም አንድ የቃል ጥንቃቄ አለ። «ሕክምና አቆምን» አይበሉ፤ ያቆሙት ኬሞ ነው። ፕሬድኒሶን ብቻውን እየተሰጠ፣ ሕመሙ እየታገሰ፣ አንድ ወይም ሁለት ወር ሊቆይ ይችላል፤ ይህም ሕክምና ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ይታሰብበት። ፕሬድኒሶንን ለብቻው ለሳምንታት ሰጥቶ፣ ኋላ አሳብ ለውጦ ቾፕ መጀመር በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶ እንዲጠብቅ ያደርገዋል፤ ጋብታም በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው፣ የመጀመሪያዋ ክኒን ሳትሰጥ፣ ቾፕን ይፈልጉ እንደሆነ ለሐኪሙ ይንገሩት።