የተመራማሪ ሥራ በቁጥር ሲመዘን

የአንድ ሳይንቲስት ሥራ በምን ይመዘናል? አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1955 ያቀረበው ሐሳብ፣ አንድ ጽሑፍ ኋላ በወጡ ጽሑፎች ውስጥ የት የት እንደተጠቀሰ የሚያሳይ ማውጫ ይዘጋጅ የሚል ነበር። አርአያ ያደረገውም የአሜሪካ ጠበቆች ከ1873 ጀምሮ ይገለገሉበት የነበረውን የፍርድ ውሳኔዎች ማውጫ ነው። የማውጫው ዋና ዓላማ ጽሑፍ መፈለጊያ እንዲሆን ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን የሰው መመዘኛም ሆነ።

እኛን ይበልጥ የሚያስገርመን የኦሊቨር ላውሪ ነገር ነው። ይህ ባዮኬሚስት ከባልደረቦቹ ጋር በ1951 ያሳተመው ጽሑፍ የፕሮቲንን መጠን መለኪያ ዘዴ የሚያስረዳ ነው። ሆኖም በ2014 በወጣ ቆጠራ ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሶ አንደኛ ሆነ። ፕሮቲን የለካ ሁሉ ይጠቅሰዋላ! የዲ.ኤን.ኤ.ን ቅርጽ ያስታወቀው የዋትሰንና የክሪክ የ1953 ጽሑፍ ግን ከመጀመሪያዎቹ መቶ ውስጥ እንኳ አልገባም። ላውሪ ራሱም ጽሑፉ ታላቅ የሚባል አለመሆኑን አልሸሸገም።

ፊዚሲስቱ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 ሌላ መለኪያ አወጣ። በዚህ መሠረት 20 ነጥብ ለማግኘት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ያስፈልጋሉ። በሂርሽ ስሌት ያ 300,000 ጊዜ የተጠቀሰው ጽሑፍ ለላውሪ የሚጨምርለት አንድ ነጥብ ብቻ ነው።