ባለጉዳይ በየት በር ይግባ?

እስቲ ቀረብ በሉና ስሙኝ። የማወጋችሁ ስለ ድረ ገጽ ነው። ወጉ ግን የሚጀምረው ከደቡብ ጎንደር፣ ከጋይንት ነው፤ ከቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ድረ ገጽ የሚባል ነገር በማንም ሐሳብ ሳይውል፣ ብዙ መቶ ዓመታት ቀደም ብሎ።

ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን የረገጠ ሰው አገሩ የዜማ አገር መሆኑን ያውቃል። ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው። እስቴ ላይ የዜማ ቤቱ ቆማ ፋሲለደስ አለ። ተማሪው ከጎጃም ይነሣ ከሸዋ፣ ዓመታት ተምሮ፣ ድጓውን በገዛ እጁ ጽፎ፣ በመጨረሻ ቤተልሔም ሄዶ ካላስመሰከረ ነገሩ አልተቋጨም።

ድጓ ደግሞ ትንሽ መጽሐፍ አይደለም። የዓመቱን በዓላትና ሰንበታት ሁሉ ቃል የያዘ ግዙፍ ጥራዝ ነው። እስቲ መሪጌታውን አስቡት። ነገ በዓል ነው፣ ዋዜማው ተቆሟል፣ ብርሃኑ የጧፍ ብርሃን ነው፣ ሊቃውንቱ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ቃል ይጠብቃሉ። በዚያች ሰዓት ገጽ እያገላበጠ “የት ነበር?” ማለት አይችልም። መጽሐፉ በተደረሰበት ቅደም ተከተል ተደርድሮ ቢሆን ኖሮ፣ ወይም በዜማው ዓይነት ግዕዙ ለብቻ፣ ዕዝሉ ለብቻ፣ አራራዩ ለብቻ ተከፋፍሎ ቢሆን ኖሮ፣ ለተመራማሪ ይመች ይሆናል፤ ለቆመው ሰው ግን አይሆንም።

ሊቃውንቱ ምን አደረጉ? ድጓውን በዓመቱ ላይ ዘረጉት። ከመስከረም 1 ቀን ዮሐንስ የሚባለው ክፍል ይነሣና እስከ ኅዳር መጨረሻ ይሄዳል። ከታኅሣሥ መግቢያ አስተምህሮ ይቀበላል፤ እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ ያደርሳል። የጾሙ ወራት ጾመ ድጓ በሚባል በራሱ ክፍል ተለይተዋል። ከዚያ ፋሲካ ገብቶ እስከ ዓመቱ ማለቂያ። በየበዓሉ ውስጥ ደግሞ ሥርዓቱ በሚፈጸምበት ተራ፦ ዋዜማ፣ በ5፣ እግዚአብሔር ነግሠ፣ ይትባረክ፣ ሦስት፣ ሰላም። የየክፍሉ ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ በደበዘዘ ብርሃን ዓይን ቀዩን ይዞ ይወርዳል። በቃሉ ራስ ላይ የዜማው ምልክት አለ፤ ሥርዓቱን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳበጁት ይተረካል። ለቅዳሴው ደግሞ ግጻዌ የሚባል መጽሐፍ አለ፤ ቀኑን ትከፍታለህ፣ የዕለቱን መልእክት፣ ምስባክና ወንጌል ይነግርሃል። ከቀን ቀን የሚዘዋወሩትን በዓላት ባሕረ ሐሳብ እየቀመረ ቦታቸውን ያሲዛቸዋል።

እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። ያ ሁሉ ድርሰት የተደረደረው ሁለት ጥያቄ ለመመለስ ነው፦ ዛሬ ምን ቀን ነው? አሁን የት ደርሰናል? የቆመው ሰው የሚጠይቀው እነዚህን ብቻ ነዋ። ዛሬ የመረጃ አደረጃጀት ብለን በኮሌጅ የምናስተምረው ሙያ መሠረቱ ይኸው ነው፤ ጋይንት ሳይነግሩት ያውቀዋል።

አሁን ወደ መካነ ኢየሱስ እንሻገር፤ ወደ እስቴ ዋና ከተማ።

እንበል፣ አንዲት እናት ከገጠር ቀበሌ በማለዳ ተነሥተው ወደ ከተማ መጡ። ባላቸው ዐርፈዋል። በእጃቸው የመሬት ይዞታ ደብተር ይዘዋል። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ በ1995 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር ደብተሩ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ እንዲኖረው ተደርጎ ነበር፤ ስለዚህ የእሳቸውም ፊት ከሟች ፊት ጎን አለ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ “ባሌ ሞተብኝ፤ መሬቱ ምን ይሁን?”

ይህች አንድ ጥያቄ ስንት ቢሮ እንደምትነካ ቁጠሩልኝ። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ አለበት። የወራሽነት ማስረጃ ፍርድ ቤት ነው። ደብተሩን የሚያስተካክለው የወረዳው የመሬት አስተዳደር ነው። ግብሩ ደግሞ ወደ ገቢዎች ያዞራል። አሁን የሳቸው ልጅ አዲስ አበባ ሆኖ፣ እናቱን ከመንከራተት ለማዳን ስልኩን አውጥቶ የወረዳውን ድረ ገጽ ቢከፍት ምን ያገኛል? በአገራችን ያሉትን ብዙዎቹን የመሥሪያ ቤት ድረ ገጾች ስላየሁ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የኃላፊዎች ፎቶግራፍ። ቀጥሎ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴት። ከዚያ የጽሕፈት ቤቶች ዝርዝር፣ እያንዳንዱ የየራሱን ጉዳይ ይዞ። የእናቱ ጥያቄ አራት ቦታ ተቆራርጦ ተቀምጧል፤ ቁርጥራጮቹን የሚያገናኝ መንገድ የለም። ድረ ገጹ የተሠራው በወንበሮቹ ቅደም ተከተል ነው። ባለጉዳይ ደግሞ ወንበር አያውቅም፤ የሚያውቀው ጉዳዩን ነው።

በእንግሊዝም ይኸው ችግር ነበር። መንግሥቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ድረ ገጾች ነበሩት፣ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በየራሱ አጥር ውስጥ። በ2003 ዓ.ም. ማርታ ሌን ፎክስ የተባለች ሴት ገምግማ፣ ጥገና አይበቃም፣ ከሥሩ ይለወጥ የሚል ሐሳብ አቀረበች። ጥቅምት 7 ቀን 2005 ዓ.ም. አንዱ የጋራ ድረ ገጽ ተከፈተና ሁለቱን ትልልቅ የቀድሞ ገጾች ተካ፤ የቀሩትም እየተከተሉ ገቡበት። ሠሪዎቹ የጀመሩት “ምን እንለጥፍ?” ብለው አይደለም፣ “ሰው ምን ሊያደርግ ይመጣል?” ብለው ነው። የበዓል ቀን የሚጠይቅ ሰው ገጹን ሲከፍት የሚቀጥለው በዓል ቀን በትልቁ ተጽፎ ይጠብቀዋል፤ ስለ በዓላት አዋጅ ታሪክ አያነብም። እኛም ዘንድ ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሲከፈት የበርካታ ተቋማት ሥራ ከአንድ ጣሪያ ሥር ገብቷል። ደስ የሚል ጅምር ነው። ጣሪያው አንድ ሲሆን ግን ማውጫውም አንድ ይሁን፤ የየተቋሙ ስም እንደገና በር ሆኖ ከተደረደረ ባለጉዳዩ ያው እየተንከራተተ ነው።

እንግዲህ የመካነ ኢየሱስን ድረ ገጽ እንደገና እናቅድ የሚል ሰው ቢመጣ፣ ኮምፒውተር ቤት ከመግባቱ በፊት ወዴት ልላከው? ወደ ማመልከቻ ጸሐፊዎቹ እልከዋለሁ። በየወረዳውና በየፍርድ ቤቱ ደጅ ታውቋቸዋላችሁ፤ ጥላ ዘርግተው ወይም አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚጽፉት፣ አንዳንዱ ራፖር ጸሐፊ የሚላቸው። ባለጉዳይ ይመጣል፣ ያለቅሳል፣ ይቆጣል፣ ከአያቱ ዘመን ጀምሮ ይተርካል። ጸሐፊው ያን ሁሉ ይሰማና ከወረቀቱ ራስ ላይ “ለ…” ብሎ መሥሪያ ቤቱን፣ ዝቅ ብሎ “ጉዳዩ፦” ብሎ አንዲት መስመር ይጽፋል። ያቺ መስመር ውድ ናት። የሕዝቡን ቋንቋና የቢሮውን ቋንቋ ያገናኘች ድልድይ ናት፤ እነዚህ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ የሚውሉት እሷን ነው። ሰው በምን ቃል እንደሚጀምር፣ የትኛው ማስረጃ እንደሚጎድለው፣ በየትኛው ቢሮ ደጅ ተመልሶ እንደሚመጣ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አንድ ሳምንት አብሯቸው ቁጭ ያለ፣ የሰው ስም ሳይመዘግብ ጥያቄውን ብቻ በሰውየው በራሱ አነጋገር የጻፈ፣ የዕቅዱን ግማሽ ይዞ ይነሣል።

ከዚያ ጥያቄዎቹን በካርድ ላይ ጻፉ፣ አንድ ጥያቄ በአንድ ካርድ። ካርዶቹን ለባለጉዳዮች ስጡና “የሚዛመዱትን አንድ ላይ አድርጉልኝ፤ ለክምሩም ስም አውጡለት” በሏቸው። ማንበብ ለማይችሉት ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡላቸው። ብዙ ሕዝብ አያስፈልግም። ጃኮብ ኒልሰን የተባለው የዘርፉ ሰው ለዚህ ሥራ 15 ያህል ሰው ይበቃል ብሏል። ነገር ግን አሥራ አምስቱ የቢሮ ሠራተኛ እንዳይሆኑ። አርሶ አደሩ ይኑር፣ ነጋዴዋ ትኑር፣ የልደት ካርድ ፈላጊው ወጣት ይኑር፣ ከአገር ርቆ የአባቱን ቤት ጉዳይ የሚከታተለውም በስልክ ይግባ። “ሞትና ውርስ”፣ “ጋብቻና ልጅ”፣ “የእርሻ መሬት”፣ “ንግድ መክፈት” የሚሉ ክምሮች ቢወጡ አይደንቀኝም። የማውጫው ስም ያ ይሁን። “የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም” የሚለው ስም ደግሞ ገጹ ውስጥ ገብቶ፣ ባለጉዳዮች የትኛውን ደጅ ማንኳኳት እንዳለባቸው ይንገራቸው።

ማውጫው ሲነደፍ ቀለምና ፎቶግራፍ ሳይነካ መፈተን አለበት። ስሞቹን ብቻ በወረቀት አሳዩና “ባልዎ ቢያርፉ የመሬቱን ነገር የት ይፈልጋሉ?” ብላችሁ ጠይቁ። ጣታቸው ሌላ ቦታ ከሄደ የሚታረመው ወረቀቱ ነው።

ከዚህ በኋላ ያሉት ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች ናቸው፤ ግን ሰው የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። ሰዓቱን ውሰዱ። ገጹ “8፡30 ይከፈታል” ቢልና በፈረንጅ ሰዓት ቢሆን፣ ገበሬው በእኛው አቆጣጠር ከቀትር በኋላ ይመጣል፤ ግማሽ ቀኑ ባከነ። “ጠዋት 2፡30” ተብሎ ይጻፍ። ቀኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን። እስቴ በአንድ ወቅት ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ በሁለት ወረዳ ተከፍሎ ስለነበር ደግሞ “እስቴ” ብሎ የሚፈልግ ሰው የትኛው እንደሆነ ሊጠፋው ይችላል። ቀበሌውን ግን አይስተውም፤ ስለዚህ ቀበሌውን ይምረጥና ወረዳውን ድረ ገጹ ይንገረው።

የመፈለጊያው ሳጥንማ የራሱ ጣጣ አለው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ፊደሉ በየስልኩ ይነበባል። አጻጻፋችን ግን እንደየሰው ነው። አንዱ “ኢየሱስ” ይላል፣ አንዱ “እየሱስ”፤ አንዱ “መካነ” የሚለውን ይነጥላል፣ ሌላው ያጣብቀዋል። ሀሌታውን ሀ፣ ሐመሩን ሐ፣ ብዙኃኑን ኀ የሚያስተካክል የለም። መፈለጊያው እነዚህን ሁሉ አንድ አድርጎ ካልቆጠረ ሰውዬው ያለውን ገጽ “የለም” ተብሎ ይመለሳል። በዚያ ላይ የከተማይቱን ስም ብቻ የጻፈ ሰው በዚያው ስም የምትጠራዋን የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ነው ደጋግሞ የሚያገኘው። የየገጹ ርእስ “መካነ ኢየሱስ፣ እስቴ፣ ደቡብ ጎንደር” ብሎ በሙሉ ይጻፍ።

ብዙ ወረዳዎች ዛሬ ማስታወቂያቸውን በፌስቡክና በቴሌግራም ይለቃሉ። መልካም ነው፤ ዜና ለማድረስ ይሆናል። ከሦስት ወር በፊት የተነገረ የክፍያ ተመን ግን በአዲሱ ማስታወቂያ ሥር ተቀብሮ ይቀራል። ስለዚህ ቋሚው ነገር ቋሚ ገጽ ይኑረው፣ በግርጌውም የታረመበት ቀንና የሚያርመው ክፍል ይጻፍ። ዋጋው ሲለወጥ የሚያስተካክለው ሰው ከመጀመሪያው ቀን ካልተለየ ገጹ በአንድ ዓመት ውስጥ ሰው ማሳሳት ይጀምራል፤ የተሳሳተ ገጽ ደግሞ ከሌለ ገጽ ይብሳል፣ ምክንያቱም አምኖት የተጓዘ አለ።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ሳልናገረው አላልፍም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። እዚያ የኖረ ሰው ያንን እያወቀ የሚያቅደው ዕቅድ ኔትወርክ ላይ ብቻ አይቆምም። እያንዳንዱ የአገልግሎት ገጽ በአንድ ወረቀት ላይ የሚታተም ይሁን፤ ጥያቄው ከላይ፣ ቀጥሎ የሚያዘው ማስረጃ፣ ቀጥሎ የሚሄዱበት ቢሮ በተራ፣ ክፍያው፣ የሚፈጀው ቀን፣ የሚደወልበት ስልክ። ያው ወረቀት በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ አንድ ቅጂ ደግሞ ለማመልከቻ ጸሐፊዎቹ ይሰጥ። ድረ ገጹ ላይ ሲታረም ወረቀቱም በዚያው ሳምንት ይቀየር፤ አሮጌው ተነቅሎ ይምጣ።