የዌልስ ሕዝብ በሳንቲም የሠራው ኮሌጅ



በታላቋ ብሪታንያ ምዕራባዊ ክፍል ዌልስ የምትባል ተራራማ አገር አለች። ሕዝቧ የራሱ የሆነ ጥንታዊ ቋንቋ ያለው ሲሆን፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ኑሮው በበግ እርባታ፤ በከሰል ማዕድንና ለቤት ክዳን የሚሆን ድንጋይ በመፍለጥ ላይ የተመሠረተ ነበር። የዛሬው ንግግራችን ይህ ሕዝብ ለራሱ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ለማቋቋም ገንዘብ ስለሰበሰበበት ሁኔታ ነው። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዚያን ጊዜ እንግሊዝ፤ ስኮትላንድና አየርላንድ ዩኒቨርሲቲ ነበራቸው። ዌልስ ግን በላምፒተር ካህናት ከሚሠለጥኑበት ኮሌጅ በቀር ምንም አልነበራትም። ይባስ ብሎ በ1847 ከለንደን የተላኩ ሦስት መርማሪዎች የአገሩን ትምህርት ቤቶች መርምረው ባቀረቡት ጽሑፍ ሕዝቡን በድንቁርናና በምግባረ ብልሹነት ነቀፉት፤ ቋንቋውንም ለእድገቱ እንቅፋት ነው አሉት። ከሦስቱ አንዱ እንኳ የዌልስን ቋንቋ አያውቅም ነበር። ቋንቋውን ሳያውቁ የሕዝብን ልብ መርምሬአለሁ ማለት ምን ያህል ድፍረት እንደሆነ አድማጭ ይፍረደው። ያም ሆነ ይህ ስድቡ ሕዝቡን ቆጨው፤ ቁጭቱም ወደ ሥራ ተለወጠ።

ሥራውን ከመሩት ሰዎች ዋናው ሰር ሂው ኦዌን ናቸው። እኒህ ሰው በ1804 በአንግልሲ ደሴት ተወልደው ወደ ለንደን በመሄድ የድኾችን ጉዳይ በሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት እስከ ዋና ጸሐፊነት የደረሱ ናቸው። እንግዲህ ነገሩን የጀመረው ባለጠጋ ወይም መስፍን ሳይሆን ቀኑን ከመዝገብና ከደብዳቤ ጋር የሚውል የመንግሥት ሠራተኛ መሆኑን ልብ ይሏል። ኦዌን በ1863 በለንደን ከወዳጆቻቸው ጋር ተሰብስበው ለዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ለማሰባሰብ ኮሚቴ አቋቋሙ።

ቤቱ የተገኘበት መንገድ አስገራሚ ነው። ቶማስ ሳቪን የተባለ የባቡር ሐዲድ ሥራ ተቋራጭ በባቡር ለሚመጡ እንግዶች ማረፊያ ይሆናል ብሎ በአበሪስትዊዝ ከተማ በባሕሩ ዳር ግንብ የመሰለ ሆቴል ሲያሠራ 80,000 ፓውንድ ያህል አፍስሶበት ሳይጨርሰው በ1866 ከሰረ። ኮሚቴውም በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ሕንፃ በ10,000 ፓውንድ ገዛው። ይሁን እንጂ ቤት መግዛት አንድ ነገር ነው፤ መምህር መቅጠርና መጻሕፍት ማከማቸት ሌላ ነው። ገንዘቡ ስላልበቃ ቤቱ አምስት ዓመት ያህል ያለ ተማሪ ቆየ። መንግሥት እንዲረዳ ቢለመንም እጁን አልዘረጋም። በመጨረሻ በጥቅምት 1872 በርእሰ መምህሩ በቶማስ ቻርልስ ኤድዋርድስና በሁለት መምህራን፤ በ26 ተማሪዎች ትምህርት ተጀመረ።

ኦዌንም በዚያው ዓመት የመንግሥት ሥራቸውን ለቀው ከከተማ ከተማ እየዞሩ መለመን ያዙ። በ1875 ደግሞ በጥቅምት ወር አንድ እሑድ «የዩኒቨርሲቲ እሑድ» ተብሎ ተሰየመና በዌልስ የጸሎት ቤቶች ሁሉ ሙዳየ ምጽዋቱ ለኮሌጁ ዞረ። በዚህ ጊዜ ከ70,000 በላይ ሰዎች ሰጡ፤ የተሰበሰበውም ከ3,000 ፓውንድ ጥቂት ከፍ ያለ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው ሲደርስ ከአንድ ሽልንግ ያነሰ ነው። የኛ ሰው ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚለው እንዲህ ያለውን ነው።

ሆኖም እውነቱን ሳንሸሽግ እንናገር ከተባለ የድኻው ፔኒ ብቻውን ኮሌጁን አላቆመውም። በመጋዝ ሥራ ኑሮውን ጀምሮ በባቡር ሐዲድና በከሰል ማዕድን የበለጸገው ዴቪድ ዴቪስ ብዙ ገንዘብ ሰጥቶአል። የድኻው መዋጮ ዋጋው ሌላ ነበር፤ ኮሌጁን የኔ ነው የሚል ባለቤት ሰጠው። ይህም በመከራ ጊዜ ታየ።

በ1881 በመንግሥት የተቋቋመ ኮሚቴ በዌልስ አንድ ኮሌጅ በደቡብ፤ አንድ ኮሌጅ በሰሜን እንዲኖር ሐሳብ አቀረበ። የደቡቡ በካርዲፍ በ1883፤ የሰሜኑ በባንጎር በ1884 ሲከፈቱ በመካከል ያለው አበሪስትዊዝ እንዲያው ይዘጋል ተብሎ ተፈራ። በሐምሌ 1885 ደግሞ እሳት ተነሥቶ የሕንፃውን ትልቅ ክፍል አጠፋው፤ እሳቱን ለማጥፋት ሲታገሉ ሦስት ሰዎች ሞቱ። እንደ ሌላው ቢሆን ነገሩ በዚሁ ባበቃ ነበር። ነገር ግን ሕዝቡ በአንድ በኩል ኮሌጃችን አይነካም እያለ አቤት ሲል፤ በሌላ በኩል ለማደሻው እንደገና አዋጣ። መንግሥትም ቀድሞ የነፈገውን ዓመታዊ ርዳታ እንደ ሁለቱ አዳዲስ ኮሌጆች አድርጎ ሰጠው። ሦስቱ ኮሌጆች በ1893 በአንድነት የዌልስ ዩኒቨርሲቲ ተባሉ። ሰር ሂው ኦዌን ግን ይህን ሁሉ ሳያዩ በ1881 ዐርፈው ነበር።

የባንጎርም ኮሌጅ ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። በአቅራቢያው ባሉት የድንጋይ ካባዎች የሚሠሩ ወዝ አደሮች ከደመወዛቸው እየቀነሱ ከ1,200 ፓውንድ በላይ አዋጥተው ነበርና በጥቅምት 1884 ኮሌጁ በአንድ አሮጌ የእንግዳ ማረፊያ ሲከፈት 3,000 ያህሉ በሰልፍ አጅበው ሄዱ። የተማሪዎቹ ቁጥር 58 ነበር። ከሠልፈኞቹ ምን ያህሉ ማንበብና መጻፍን አልፎ ሌላ ትምህርት አይቶ ነበር?

ኮሌጆቹም ለሰጣቸው ሕዝብ ሥራ ሠሩለት። ሁለቱም ቀደም ብለው የእርሻ ትምህርት ክፍል ከፈቱ። በ1919 ደግሞ ሰር ሎረንስ ፊሊፕስ በሰጡት 10,000 ፓውንድ በአበሪስትዊዝ የተክል ዘር ማሻሻያ ጣቢያ ተቋቁሞ ለጆርጅ ስቴፕልደን ተሰጠ። ስቴፕልደን የተራራውን ግጦሽ እየዞረ መረመረ፤ ባልደረቦቹም ቅጠሉ የበዛ፤ የበግ ጥርስ የሚችል፤ ዓመታትን የሚዘልቅ ሣር እየመረጡ አዳቀሉ። «ኤስ 23» የተባለው የሣር ዘር ከዚያ ወጥቶ በብሪታንያ ግጦሾች ሁሉ ተዘራ፤ በእሑዱ መዋጮ ፔኒ የጣሉት የተራራ ገበሬዎች የልጅ ልጆችም በጎቻቸውን አሰማሩበት።